ዘራፍ፣ በታላቅ ትህትና

አባቶቻችን ሲፎክሩ አይደብቁም ነበር። ጋሻና ጦር ይዘው መሐል ሜዳ ይወጣሉ፣ «ዘራፍ!» ይላሉ፣ የገደሉትን ይቆጥራሉ፤ ሰሚውም ፉከራ መሆኑን አውቆ ያደምጣል። እንዴት ያለ ኋላ ቀርነት! የዘመኑ ጀግና ሊንክድኢን ላይ ይወጣል፤ ሲወጣም አንገቱን ደፍቶ ነው። «ይህን የማካፍላችሁ በታላቅ ትህትና ነው» ብሎ ይጀምርና ለአንድ ጽሑፍ የተፈቀደው 3,000 ፊደል እስኪያልቅ ድረስ ስለ ራሱ ያወራል።

መድረኩ በ2003 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ሥራ ፈላጊና ቀጣሪ ይገናኙበታል ተብሎ ነበር። ማይክሮሶፍት በ2016 በ26.2 ቢሊዮን ዶላር ሲገዛው የሥራ ታሪካችንን የገዛ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል። የተሸጠው ትህትናችን ነው፤ ዋጋውም አያንስም።

ራስን መሆን ቀላል የሚመስለው ላልሠለጠነ ሰው ነው። አሠልጣኝ ይፈልጋል፣ የሳምንት መርሐ ግብር ይፈልጋል፣ ሰዓትም አለው። ከልብ የመነጨ ስሜት ማክሰኞ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል። እሑድ ከዶሮ ወጥ በኋላ የመጣ እንደሆነ ተመልካች ስለማያገኝ ለማክሰኞ ይቀመጣል።

አጻጻፉም ወግ አለው። መጀመሪያ የሚታዩት ጥቂት መስመሮች ብቻ ስለሆኑ መነሻው ልብ ማንጠልጠል አለበት፦ «ትናንት አንድ የታክሲ ረዳት አስለቀሰኝ።» አንባቢ ደንግጦ ይከፍታል። ነገሩ ረዳቱ የረሳውን የአምስት ብር መልስ ሮጦ ሰጥቶታል። ተራ ሰው ቢሆን «ተባረክ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። ባለሙያው ግን በአምስቷ ብር ውስጥ ሰባት የአመራር ትምህርቶች ይታዩታል፤ እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ለብቻው መስመር ሰጥቶ እንደ ቅኔ ይደረድረዋል። ሰሙ ረዳቱ ነው። ወርቁ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው «የማማከር አገልግሎት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር አግኙኝ» የሚለው ነው። መምህሩ ረዳት ይህን ሁሉ አልሰማም፤ አሁንም በሩ ላይ ተንጠልጥሎ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» እያለ ነው።

እንባም ቦታ አለው። በ2022 አንድ አሜሪካዊ ሥራ አስፈጻሚ ሠራተኞች ካሰናበተ በኋላ እያለቀሰ የተነሣውን ፎቶግራፍ ለጠፈ፤ ዓለም ሳቀበት። እኔ ግን አደንቀዋለሁ። እኛ ለቅሶ ላይ አልቃሽ እንጠራለን፤ እርሱ ገዳይም አልቃሽም ሆኖ ወጪ ቆጥቧል።

ሙገሳው እንደ እቁብ ይዞራል። ዛሬ እኔ «ድንቅ እይታ!» እልሃለሁ፤ ነገ ተራዬ ሲደርስ «ሁሉም ሊያነበው የሚገባ!» ትለኛለህ። ዳኛ ስለሌለው ግን በልቶ የሚጠፋ አይታጣም። ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ አንዱ ለሌላው ችሎታ መመስከር ይችላል። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ከልጅነታችን ወዲህ በዓይኑ አላየኝም፤ ቢሆንም «ስልታዊ አመራር» እንደምችል መስክሮልኛል። መርቼ የማውቀው ነገር እንደሌለ አሳምሮ ያውቃል። ነገር ግን ቀደም ብዬ እኔ «የለውጥ አስተዳደር» እንደሚችል መስክሬለት ነበርና ብድሩን መመለስ ነበረበት።

ባለፈው ሰሞን አጎቴ ለሕክምና ከጎጃም መጥተው እኔ ዘንድ አርፈው ነበር። በወጣትነታቸው ሲፎክሩ አገር ይቆም ነበር ይባላል። ስልኬ ላይ እንዳፈጠጥሁ አይተው ምን እንደማነብ ጠየቁኝ። የአንድ የቀድሞ ባልደረባዬን ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነበብሁላቸው፦ መንገዱ እሾሃማ እንደነበር፣ ብዙዎች «አይሳካልህም» እንዳሉት፣ ሌሊቶችን ያለ እንቅልፍ እንዳሳለፈ፣ እርሱ ግን ወደ ኋላ እንዳላለ፣ ዛሬም በታላቅ ትህትና በፊታችን እንደቆመ። አጎቴ ቀና ብለው ተቀመጡ። የነገሩን ዓይነት ወዲያው ለይተውታል።

«ምን ገድሎ ነው?» አሉኝ።

«ቢሾፍቱ አንድ ሆቴል ውስጥ የሁለት ቀን ሥልጠና ተካፍሎ ነው፣ ጋሼ።»

ትንሽ አሰብ አደረጉ።

«አበል ነበረው?»

«ነበረው።»

«በል እንግዲህ፣ እንኳን በደኅና ተመለሰ» አሉና ጋቢያቸውን ተከናነቡ።