ማጀቴን መዝግበው ያቆዩልን ፕሮፌሰር

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት በአዋሽ ፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የተነሣው፣ መጠኑ 5.7 የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ በምንኖርበት ሕንፃ እናቶች ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው ደረጃውን እየሮጡ ወረዱ። ግቢው ውስጥ ቆመን ደጋግሜ የሰማሁት «እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን ታይቶ አይታወቅም» የሚል ቃል ነበር። ታይቷል፤ ተጽፏልም።

ከጻፉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ካናዳዊው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህንና የጂኦፊዚክስ ሊቅ ፕሮፌሰር ፒየር ጉዊን ናቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1950ዎቹ መገባደጃ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ምልከታ ጣቢያውን ሲያቋቁሙ፣ የመጀመሪያው ዓላማ የምድርን መግነጢስ መለካት ነበር፤ ከተማዋ ለመግነጢሳዊው የምድር ወገብ፣ ማለትም የምድር መግነጢሳዊ መስክ አግድም ለሚሆንበት መስመር፣ ቅርብ ናትና። በ1953 ዓ.ም. ግን በደሴ መንገድ ያለችው ካራ ቆሬ ተናወጠች፣ በአቅራቢያዋ ያለችው የማጀቴ ከተማም ፈራረሰች። በ1961 ዓ.ም. ደግሞ በአፋር የሰርዶ ከተማ ወደመች።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚደንቀኝ ጉዊን መንቀጥቀጦቹን ሲያጠኑ በመሣሪያቸው ብቻ አለመወሰናቸው ነው። ትልቅ መንቀጥቀጥ በአንድ ቦታ ተመልሶ እስኪመጣ የሰው ዕድሜ ሊያልፍ ስለሚችል፣ የጥቂት ዓመታት ልኬት ብቻውን ያሳስታል። ስለዚህ ዜና መዋዕሎችንና የተጓዦችን ማስታወሻ አገላብጠው፣ በ1835 ዓ.ም. በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበርን የመታውን መንቀጥቀጥና የመሬት መንሸራተት ሳይቀር አሰባስበው፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በእንግሊዝኛ አሳተሙ።

ይህ ሥራ ዛሬም የሚያገለግለው በአብዛኛው ባለሙያውን ነው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ፣ በአዳማም ሆነ በሐዋሳ፣ ቤት የሚያሠራው ሰው የአካባቢውን የመንቀጥቀጥ ታሪክ በሚያነበው ቋንቋ ማግኘት አለበት፤ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሲዳምኛና በአማርኛ ተዘጋጅቶ በየወረዳው ይቀመጥ። የመንቀጥቀጥን ኃይል ታሳቢ የሚያደርግ የሕንፃ ደንብ አለን፤ የግንባታ ፈቃድ የሚሰጠው አካል ግን ደንቡ በወረቀት ላይ መጠቀሱን ብቻ ሳይሆን፣ የዓምዱና የአግዳሚው ብረት በትክክል መታሰሩን ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ቦታው ድረስ ሄዶ ማየት ይኖርበታል። የመመዝገቢያ ጣቢያዎቹም በጀትና ባለሙያ እንዲመደብላቸው እንደ 2017ቱ ታኅሣሥ ያለ ሌሊት መጠበቅ የለባቸውም።