«አንድ ነገር ብቻ ጨምሩልን»

ወገኖቼ፣ ዛሬ ብሶቴን ላውጣው። በተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ በሚሰጥበት መስኮት) ላይ የሚሠራ፣ ኮድ በመጻፍ የሚያግዝ አነስተኛ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ ከሚንከባከቡ በጎ ፈቃደኞች አንዱ ነኝ። ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ደመወዝ የለውም። ማታ ማታ ኮድ ልጽፍ ስቀመጥ የሚጠብቀኝ ግን የ«ጨምሩልን» ክምር ነው። የአየር ሁኔታ ያሳየን! ሙዚቃ ያጫውትልን! የስብሰባ ሰዓት ያስታውሰን!

«የማይፈልግ አይጠቀምበት፤ ምን ይጎዳል?» ይሉኛል። የምታቃጥለኝ ይህች ናት። በሌላ ሶፍትዌር ትንሽ እውነት ይኖራታል፤ የማትነኩት ቁልፍ ጥጉን ይዞ ይቀመጣል። እዚህ ግን ሞዴሉ፣ ማለትም ከመሣሪያው ጀርባ ሆኖ መልስ የሚሰጠው አስተውሎት፣ እንዲጠራው የተሰጠው ተግባር ሁሉ ስሙና መግለጫው በየጥያቄው አብሮ ይላካል። ቶከን፣ ማለትም ሂሳቡ የሚቆጠርበትን የጽሑፍ ቁራጭ፣ ይበላል። ለኮዳችሁ የሚሆነው ቦታ በአየር ሁኔታ መግለጫ ይያዛል። ምርጫው ሲበዛ ደግሞ ሞዴሉ ራሱ ይምታታበታል። ሂሳቡ በዶላር ነው፤ አዲስ አበባ ተቀምጦ በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ፍለጋ የተንከራተተ ሰው ይህ ይገባዋል ብዬ ነበር።

«እነ እገሌ አላቸው፤ እኛስ?» የሚሉትንማ ተዉአቸው። ሲሉ ሰምታ ዶሮ በመጫኛ ታንቃ ሞተች።

የኮምፒውተር ሊቁ ዳግ ማክኢልሮይ እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኒክስ ስለተባለው ስርዓተ ክወና ሲጽፍ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም አንድ ሥራ በሚገባ ይሥራ፤ ለአዲስ ሥራ አዲስ ፕሮግራም ሥሩ እንጂ አሮጌውን አታወሳስቡ ብሎ ነበር። ያን ጊዜ የመጻፉ ድካም ራሱ ብዙ ምኞት ያስቀር ነበር። አሁን አንዱ ምሳውን ሳይጨርስ ሞዴሉን ሺህ መስመር አስጽፎ፣ «ኮዱ ዝግጁ ነው፤ ማስገባት ብቻ ነው» ብሎ ይልክልኛል። ማን ያነበዋል? እኔ! ሲበላሽስ ማን ያስተካክለዋል? ላኪው ያን ጊዜ ሌላ መሣሪያ እያመሰገነ ነው።

በእኛ ዘንድ የማይቀረው ጥያቄ ደግሞ ቴሌግራም ነው። «ሥራው ሲያልቅ በቴሌግራም ይንገረኝ።» ፍላጎቱ እውነተኛ ነው፤ ሞዴሉ ሲሠራ ፈጥጦ መጠበቅ ያሰለቻል። ግን ዛሬ ቴሌግራም ከገባ ነገ ዋትሳፕ፣ ከነገ ወዲያ ኢሜይል ይመጣል። ስለዚህ ሥራው ሲያልቅ ተጠቃሚው የመረጠውን ትእዛዝ የሚያስኬድ አንድ ማስተካከያ ጨመርን። ከርል በተባለው፣ መረጃ በኢንተርኔት በሚልክ ትእዛዝ መልእክቱን በአንድ መስመር መላክ ይቻላል፤ ምሳሌውንም ጽፌ አስቀመጥኩ። ምስጋና ስጠብቅ «እኔ እኮ የጠየቅኩት ቴሌግራም ነው» የሚል ቅሬታ መጣልኝ።

እኔ የምጠይቀው ይህን ነው፤ ጉዳዩ ከውጭ ሊሠራ ይችላል ወይስ አይችልም? ትእዛዝ ከመፈጸሙ በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ የተበላሸውን ለውጥ መመለስ፣ ሞዴሉ መንገድ ሲስት እስከዚያ የሠራው ሳይጠፋ ማስቆም፤ የእነዚህ ቤታቸው መሣሪያው ውስጥ ነው። ማንም ሌላ ሊሠራልን አይችልም። ግን ስለ እነዚህ የሚጽፍልኝ ሰው ብርቅ ነው። ለቀረው፣ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ኩባንያው አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ኤምሲፒ የተባለውን፣ ሞዴልን ከውጭ አገልግሎቶች ጋር የሚያገናኝ ክፍት ፕሮቶኮል (የጋራ ደንብ) ካወጣ ወዲህ፣ የፈለገ የፈለገውን አገልግሎት ከውጭ ያገናኛል፤ የቶከኑንም ዋጋ ራሱ ይከፍላል።

ትናንት የመጣው ግን አንጀቴን በላው። አንድ የአገሬ ልጅ፣ የኮድ ለውጦቹ ታሪክ ሲታይ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁንልን፤ ጳጉሜን እንዳትረሱ ብሎ ጻፈ። ልቤ ወዲያው አዎ አለ። ነገር ግን ቀኑን የሚመዘግበው ጊት የተባለው፣ የኮድ ለውጦችን የሚይዝ ፕሮግራም ነው፤ አቆጣጠሩን መለወጥ የማሳያ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ፕሮግራም ከውጭ ይሠራዋል። እየከበደኝ «እዚህ አይገባም» አልኩት፤ እንዴት እንደሚሠራው በዝርዝር ጽፌ፣ ላግዝህም ብዬ ላክሁለት።

የመለሰልኝ አንድ መስመር ነው፦ «ለመሆኑ አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ?»