ዋና፣ ብስክሌት፣ ሩጫ እና ሰላምታ

እማዬ ጠዋት ጓሮ ወጥታ «በስመአብ! ይሄ የማን ቆዳ ነው?» ብላ ስትጮህ እኔ ገና አልጋ ውስጥ ነበርኩ። ቆዳ አይደለም፣ ዌትሱት ነው። የአክስቴ ልጅ ከዲሲ የላከልኝ፣ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ጥቁር የሆነ የጎማ ልብስ። እውነት ለመናገር ገመዱ ላይ ተሰጥቶ እጅና እግሩን ንፋስ ሲያወዛውዘው ሰው ተገፎ የተሰጣ ነው የሚመስለው፣ አልፈርድባትም። ለዋና የሚለበስ ነው ብዬ ላስረዳት ስሞክር «ሰው ሊዋኝ ይለብሳል እንዴ? እኛ የምናውቀው ሲያወልቅ ነው» አለችኝ። ልብሱ እኮ ለፈረንጅ አገር ቀዝቃዛ ውሃ የተሠራ ነው፣ ጣና ላይ እሱን ለብሶ መዋኘት በሚያዝያ ፀሐይ ቡሉኮ ደርቦ ገበያ እንደመውጣት ነው። ግን በነፃ የመጣ ዕቃ ነው፣ ማን ይተወዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን ትራያትሎን ጀምረናል፦ እኔ፣ ኮቹ (ኮች የሆነው ከሁላችንም በላይ ዩቲዩብ ስላየ ነው)፣ ባንክ የሚሠራው ጓደኛችን እና ዲያቆኑ። ዲያቆን የነበረው ድሮ ነው፣ አሁን የሁለት ልጆች አባትና የአንድ ቦርጭ ባለቤት ነው፣ ስሙ ግን አልለቀቀውም።

ለማታውቁት፣ ትራያትሎን ማለት ዋኝተህ ሳታርፍ ብስክሌት መንዳት፣ ከብስክሌት ወርደህ ሳታርፍ መሮጥ ነው። አጭሩ ስፕሪንት ይባላል፣ 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌት፣ 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ። በፈረንጆቹ 2000 ሲድኒ ላይ ኦሎምፒክ የገባው ደግሞ የዚህ እጥፍ ነው። የመጨረሻው እብደት አይረንማን የሚባለው ነው፣ 3.8 ኪሎ ሜትር ትዋኛለህ፣ 180 ትነዳለህ፣ ከዚያ ሙሉ ማራቶን ትሮጣለህ። 180 ኪሎ ሜትር ማለት እንግዲህ ከባሕር ዳር ጎንደር በለው። ሰው ጎንደር ድረስ ሄዶ ዘመድ ቤት ገብቶ ቡና ሳይጠጣ 42 ኪሎ ሜትር ሊሮጥ? ዘመዶቹስ ምን ይላሉ? አይረንማን የተጀመረው በፈረንጆቹ 1978 ሃዋይ ውስጥ ነው፣ ዋናተኛ ነው ሯጭ ነው ወይስ ብስክሌተኛ ነው ጠንካራው በሚል ክርክር፣ 15 ሰው ተነስቶ 12 ጨረሰ። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ክርክር ጠላ ቤት ተነስቶ ጠላ ቤት ያልቃል፣ ቢበዛ ዱላ ይመዘዛል እንጂ ማንም ተነስቶ ጎንደር አይሄድም።

ኮቹ ከልምምድ በፊት ዕቃ ነው የሚለው። ባሕር ዳር ተወልዶ ብስክሌት የማይችል ሰው የለም፣ እኛ ራሳችን ፊት ታናሽ ኋላ ታላቅ ጭነን ያደግን ነን፣ እሱ ግን የኋላ መጫኛውን ፈትቶ ጣለው፣ ክብደት ነው አለ። መሪው ላይ ክርን የሚያስደግፍ ኤሮባር የሚባል ቀንድ አስበየደ፣ ንፋስ ይቀንሳል አለ። እሱ ላይ ተኝተህ ስትነዳ ፍሬኑ ሩቅ ነው፣ ባጃጁ ግን ቅርብ ነው። ልብሱም አለ፣ ትራይሱት፣ ለሦስቱም የሚሆን አንድ ወጥ የሚጣበቅ ነገር። ጎጃም ውስጥ ቁምጣ ለብሰህ ብትሄድ ማንም ዞሮ አያይህም፣ የአገር ልብስ ነው፣ ይሄንን ስትለብስ ግን ልጆቹ እስከ ቀበሌ ይከተሉሃል።

ዌትሱቱን የፈተንኩት ቀን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ባንከሩ ቢልሃርዚያ አለ ብሎ ስላስፈራራን (ቀንድ አውጣዋ ሣር ያለበት ጥልቀት የሌለው ዳር ላይ ነው የምትኖረው) በጀልባ ትንሽ ገባ ብለን ነው የዘለልነው። እኔ ጥቁር ጎማ ለብሼ፣ ጥቁር ኮፍያ አድርጌ፣ ጭንቅላቴን እየቀበርኩ አለፍ አለፍ እያልኩ ብቅ ብዬ አቅጣጫ አያለሁ፣ ይሄ እንኳን ሳይቲንግ ይባላል፣ ሐይቅ ላይ መስመር ስለሌለ ካላየህ ዘጌ ትደርሳለህ። አንዴ ብቅ ስል ታንኳ ላይ ያለ ዓሣ አጥማጅ መቅዘፊያውን ከፍ አድርጎ ይዞ ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። «ጉማሬ! ጉማሬ!» እያለ ነው። ኧረ ሰው ነኝ ብዬ ስጮህ ይባስ ደነገጠ፣ የሚያወራ ጉማሬ አይቶ አያውቅማ። ውድድር ላይ ዋናተኞች ብርቱካናማና ቢጫ ኮፍያ የሚያደርጉት ለምን እንደሆነ የዚያን ቀን ገባኝ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስመጣ፣ ትራያትሎን ሦስት ስፖርት ነው ይላሉ፣ ልብስና ጫማ የምትቀይርበትን ሰዓት ደግሞ አራተኛው ስፖርት ይሉታል፣ ትራንዚሽን። ይሄን ያሉት ጎጃም ስላልመጡ ነው። አራተኛው ስፖርት ሰላምታ ነው። ታላቅህን በብስክሌት ሽው ብለህ አልፈህ ማታ በምን ዓይንህ ታየዋለህ? ቆመህ እንዴት አደሩ፣ ደህና ነዎት፣ ልጆች ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያ ልጅ ከውጭ ደወለ ወይ... ሰዓቴ ራሱ ስቆም በራሱ መቁጠር ያቆማል፣ አንድ ቀን 40 ደቂቃ ነድቼ ሁለት ሰዓት ተኩል ከቤት ጠፍቼ ነበር። መቼስ ጥቅም አላጣውም። ኮቹ ዞን ሁለት የሚለው ነገር አለ፣ ብዙው ልምምድ ቀስ ብሎ እንዲሆን የልብ ምትህን የምትጠብቅበት፣ መለኪያው ደግሞ እየሮጥክ ማውራት መቻልህ ነው። ስለዚህ ሰላምታውን ከነከብቱ ከነአዝመራው ሳያለከልክህ ከጨረስክ ዞን ሁለት ነህ። «እግዚአብሔር» ብለህ «ይመስገን» ላይ ከተቋረጥክ ዞን አራት ገብተሃል።

ፔዳል ላይ ቀጭ ብሎ የሚገባው ጫማ ከመጣ በኋላ ግን ሰላምታ አደጋ ሆነ። ጫማው እንዲለቅህ ተረከዝህን ወደ ውጭ መጠምዘዝ አለብህ፣ እግርህ እስኪለምደው ሁሉም ሰው አንዴ ይወድቃል ይላሉ። የኔ ተራ የደረሰው የንስሐ አባቴ ፊት ነው። አባ ጃንጥላቸውን ይዘው ከፊቴ ሲመጡ ፍሬን ያዝኩ፣ ቆምኩ፣ እግሬን ሳብኩ፣ እንቢ። ብስክሌቱ ቀስ ብሎ ወደ ግራ መዘንበል ጀመረ፣ ያ መውደቅ ደግሞ ፍጥነት የለውም፣ ለማፈር በቂ ጊዜ ይሰጥሃል። ከነብስክሌቴ እግራቸው ሥር ተዘርግቼ፣ ሁለቱም እግሬ ፔዳሉ ላይ ተቆልፎ፣ ከልቤ «አባ ይፍቱኝ!» አልኩ። እግሬን ማለቴ ነበር። እሳቸው መስቀላቸውን አውጥተው «እግዚአብሔር ይፍታህ ልጄ፣ ያን ያህል እንኳን ባትሰግድም ነበር» ብለው ግንባሬን አሳልመውኝ መንገዳቸውን ቀጠሉ። የፈታኝ ጎሚስታው ነው።

ውድድር የሚባል አቅራቢያችን ስለሌለ የራሳችንን ስፕሪንት አዘጋጀን፣ ቅዳሜ 12 ሰዓት ተኩል። ስልካችንን ብስክሌት ለሚጠብቀው ልጅ ሰጥተን ገባን። ሦስታችን ወጣን። ዲያቆኑ አልወጣም፣ ግን እሱ ሁሌም ቶሎ አይወጣም፣ ማንም አላሰበበትም። እኔ ዌትሱቱ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ተጣብቆ እንቢ ብሎኝ ባንከሩ እግሬን ይጎትታል፣ ኮቹ ሄልሜት ሳትቆልፉ ብስክሌት መንካት ክልክል ነው እያለ ይጮሃል (ደንቡ እውነት ነው)፣ በዚህ መሀል ጎረቤታችን እትዬ የኪዳን ጸሎት አድርሰው ሲመለሱ ደረሱብን።

«ምን ሆናችሁ ልጆቼ? አራት አልነበራችሁም እንዴ? ዲያቆኑስ?»

ትንፋሽ የለኝም። በእጄ ወደ ጣና አሳየኋቸውና «እዚያው ቀርቷል» አልኩ። ከዚያ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ።

እንግዲህ ፍረዱኝ፣ ሌላ ምን ልበል?

ወደ መራዊ በሚወስደው መንገድ አስር ኪሎ ሜትር ሄደን ተመለስን፣ መሮጥ ጀመርን። ከብስክሌት ወርደህ ስትሮጥ እግርህ የራስህ አይደለም፣ ከሆነ ሰው የተዋስከው ነው የሚመስልህ። ሰፈር ስንቃረብ ጥሩምባ ሰማሁ። ኮቹ መጨረሻው ላይ ሙዚቃ ይኖራል ሲል ስለነበር ደስ አለኝ፣ እጄን ሁሉ አነሳሁ። እጄን አንስቼ እየሳቅሁ የገባሁት ለቅሶ ላይ ነው። የዕድሩ ሰዎች ድንኳን እየተከሉ፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮው በጎላ ተጥዶ። «ጓደኛህን ውሃ በልቶት ብስክሌት ትነዳለህ?» አለችኝ አንዷ። ተስፋ ያልቆረጠች ሴት አንድ ብቻ ነበረች፣ የዲያቆኑ ሚስት። «አልሞተም እሱ፣ ዘግይቶ ነው፣ እኔን ለማግባትም ስድስት ዓመት ፈጅቶበታል» እያለች በር ላይ ቆማለች።

ከሃምሳ ደቂቃ በኋላ መጣ። የብስክሌት ሄልሜቱን ሳያወልቅ እየሮጠ፣ መሮጥ ካልነው። ለካ ውሃው ውስጥ ደክሞት ታንኳ ይዞ አርፎ ነበር፣ ወደፊት እስካልጎተተህ ድረስ ደንቡም ይፈቅዳል፣ ግን ታንኳ ላይ ያለው ሰውዬ የአጎቱ ጎረቤት ሆኖ ተገኘና ሰላምታው ረዘመ። አይረንማን ላይ ገደቡ 17 ሰዓት ነው፣ የመጨረሻዎቹን ሰዎች ሕዝቡ በሌሊት ቆሞ እያጨበጨበ ይቀበላቸዋል አሉ። ጭብጨባ ምን አላት! ዲያቆኑን የተቀበለው እልልታ እስከ ዓባይ ድልድይ ሳይሰማ አልቀረም፣ አንዲት እናት አቅፈው አልለቅም ብለው ሰዓቱን ማቆም ረሳው፣ እስከ ማታ ሲቆጥር ዋለ።

ንፍሮውስ ምን ይደረግ፣ በስሏል፣ ተበላ። ኮቹ አፉን ሞልቶ፣ ውድድር ባለቀ በ30 ደቂቃ ውስጥ ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን መውሰድ ጥሩ ነው፣ ስንዴውም ባቄላውም አለው፣ ብሎ አስረዳ። እትዬ ዝም ብለው ሰምተውት ሲያበቁ ጠጋ አሉኝና፣

«ቀጣዩ መቼ ነው ልጄ? ባቄላውን ማታውኑ እንድዘፈዝፈው።»