የፕሪቶሪያ ሴቶችም ይነሱ እንጂ!

ስለ ደቡብ አፍሪካ የፀረ አፓርታይድ ትግል ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የትግሉ ታሪክ ከማንዴላና እሱ ከታሰረበት ከሮበን ደሴት ሳያልፍ አለቀ። ሴቶቹስ?

ኦገስት 9 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. 20 ሺህ ገደማ ሴቶች ፕሪቶሪያ ወዳለው የመንግሥት መቀመጫ ተመሙ። ልጅ ያዘሉም ነበሩ። የይለፍ ደብተሩ በጥቁር ሴቶችም ላይ መጫኑን ተቃውመው ነው። ያ ደብተር እኮ በገዛ አገርህ የት እንደምትኖርና የት እንደምትሠራ ነጭ ሹም የሚወስንበት ነበር።

ከፊት የቆሙት ሊሊያን ንጎዪ፣ ሄለን ጆሴፍ፣ ራሂማ ሙሳና ሶፊያ ዊሊያምስ ናቸው። ጥቁር፣ ነጭ፣ ሕንዳዊና ክልስ፣ ሕጉ አትቀላቀሉ ያላቸው አራት ሴቶች! እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ስትሬይዶም አላገኛቸውም። እነሱም አቤቱታቸውን በር ላይ ትተው፣ ሕዝቡ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብሎ ቆመ።

የይለፍ ደብተር ሕጉ እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ዘልቋል። እባካችሁ ቀጣዩ ጽሑፍ ስለ እነሱ ይሁን።