ይድረስ ለጋሽ ናስትሮ፣ ለሽቦ መሸፈኛው ፕላስተር፣ ባሉበት (የሌሉበት ቤት ካለ ይጠቁሙን)

ጋሼ ለጤናዎ እንደምን ከረሙ፣ እኛ ከመብራቱ ብልጭ ድርግም በቀር አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። መቼም ደሴ ፒያሳ ላይ ኤሌክትሪሻኖቹ ሽቦ ለማያያዝ «ሶልደር (በቀለጠ ብረት መበየድ) ነው የሚሻለው»፣ «ኧረ ክሪምፕ (በብረት ጫፍ መጭመቅ) ነው» እየተባባሉ ቡናው እስኪቀዘቅዝ ሲጨቃጨቁ እርስዎ ኪሳቸው ውስጥ ሆነው እንደሚስቁ አውቃለሁ፣ ምክንያቱም ስራ ሲጀመር ሁለቱም ሽቦውን በጣታቸው ጥምዝዝ ያደርጉና የሚጠሩት እርስዎን ነው።

ግን ጋሼ ወላሂ ይንገሩኝ፣ ማያያዝን ማን ሰጠዎት? የእርስዎ ስራ ከረንት እንዳይነካን መሸፈን ነበር እኮ፣ ሽማግሌ ሆኖ ተልኮ ሙሽራ ሆኖ የመጣ ሰው ሆኑብን። ከስርዎ ያለው ጥምዝ ቀስ እያለ ይላላል፣ መዳቡ ይጠቁራል፣ ሬዚስታንሱ (ከረንቱን የሚያግደው ነገር) ይጨምራል። አምፖል ብቻ ሲበራ ማንም አያውቅብዎትም። ምጣድ የተሰካ ቀን ነው ጉዱ፣ 3,500 ዋት በ220 ቮልት ማለት ወደ 16 አምፔር ነው፣ ከረንቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ በዛች በላላችው ቦታ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ ይሆናል፣ ያኔ እርስዎ ሙጫዎን ለቀው ሸርተት ይላሉ፣ ሽታውን ለኛ ትተው!

ለነገሩ ክርክሩም ቢሆን መልስ ያለው ነው። የሐረጎን ዳገት ሲወጣ ሲወርድ ለሚንቀጠቀጥ አይሱዙ ክሪምፕ ነው፣ ሶልደሩ ቀልጦ በቀጫጭኖቹ ክሮች መሀል እየሰረገ ሽቦውን ድርቅ ያደርገዋል፣ ከዛ ንዝረት ሲበዛበት ልክ ሶልደሩ ያለቀበት ጫፍ ላይ ቅንጥስ። ሬዲዮ ቦርድ ላይ ከሆነ ግን ሶልደር፣ ማን ይከራከራል። ክሪምፑም በፒንሳ ጨፍልቆ፣ አንዳንዱማ በጥርሱ ነው፣ አይሆንም፤ የራሱ መጭመቂያ አለው፣ ካፖኮርዳውም (ሽቦው ገብቶ የሚጨመቅበት ጫፍ) በሽቦው ውፍረት ልክ ነው፣ ቀዩ ከ0.5 እስከ 1.5 ካሬ ሚሊሜትር፣ ሰማያዊው እስከ 2.5፣ ቢጫው ከ4 እስከ 6። የኛዎቹ የሚመርጡት ግን ሱቅ ውስጥ የተገኘውን ከለር ነው።

እና ጋሼ፣ ጡረታ ይውጡ አላልኩም፣ ከተጨመቀው ላይ ሸፍነው ቁጭ ይበሉልን ነው። ኮምቦልቻ ያሉት ዘመድዎ ደግሞ በሙቀቱ ጫፋቸው እየተላቀቀ ነው አሉ፣ ሄደው ይጠይቋቸው።

አክባሪዎ፣
ሶኬቱ የጠቆረበት፣ ከሸዋ በር