ዓሣ በልቶ ዘፈን የሚጾም

ባሕር ዳር ላይ ሁለት ዓይነት ጾመኛ አለ። ዓሣ የሚበላና ዓሣ የማይበላ። ሁለቱም ፍትሐ ነገሥትን ይጠቅሳሉ። ሁለቱም አላነበቡትም። በ2015 ዓ.ም. የገና ጾም ግን ሦስተኛ ዓይነት ተጨመረ፤ ዓሣ እየበላ ባክስትሪት ቦይስ የተባለውን የአሜሪካ ዘፋኞች ቡድን የገና አልበም የሚጾም።

ጥፋቱ የቡድኑ ነው ባይ ነኝ። እነዚህ ሰዎች ኦርላንዶ ላይ ቡድን የመሠረቱት በፈረንጆቹ 1993 ነው። ኒክ፣ ሃዊ፣ ብራያን፣ ኤጄ፣ ኬቨን። አምስቱን ስሞች ከማባዣ ሠንጠረዥ ቀድመው በቃላቸው የያዙ፣ ዛሬ ግን የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ እንቅልፍ የሚነሳቸው ሰዎች በከተማችን ሞልተዋል። ቡድኑ ይህን ሁሉ ዘመን ሲዘፍን አንድም የገና አልበም አልነበረውም። በ29ኛ ዓመቱ አወጣ። ጥቅምት 4 ቀን 2015፤ በእነሱ አቆጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2022። «አ ቬሪ ባክስትሪት ክሪስማስ» ይባላል። 13 ዘፈን አለው።

ጥቅምት 4 እኮ ጽጌ ነው! እናቶቻችን ጽጌን ይዘዋል። የገና ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። በዓሉ የሚውለው ታኅሣሥ 29። ፈረንጅ ለበዓል የሚቸኩለው ነገር ግራ ይገባኛል። እኛ ዶሮ እንኳ የምንገዛው በዋዜማው ነው። ያውም ዋጋው ይወርድ ይሆናል እያልን ስንጠብቅ ሰንብተን፣ ጭራሽ ሲወጣ።

ከእኛ ከደጋፊዎቹ መካከል ባንክ የሚሠራ ልጅ አለ። ልጅ ያልኩት ለአፍ ያህል ነው። መዘግየታቸውን በሒሳብ ፈታው። «29 ዓመት የጠበቁት ታኅሣሥ 29ን አስበው ነው» አለ። ሳቅን። እሱ አልሳቀም። ደጋፊ እንዲህ ነው። የሚወደው ሰው ቢያስነጥስ እንኳ ምሥጢር ያወጣለታል።

ስብስባችን ስም የለውም። ማዕረግ ግን አለው። ማዕረጉም በቅድሚያ ነው። «ሚሌኒየም» የተባለው አልበማቸው የወጣው በእኛ አቆጣጠር በግንቦት 1991 ነው። ልብ በሉ፤ የእኛ ሚሌኒየም ሊገባ ከስምንት ዓመት በላይ ይቀረው ነበር። ፈረንጅ ይቸኩላል ብያለሁ። ያኔ ካሴቱን በእጁ የያዘ ሰው ዛሬ የመጨረሻው ቃል የእሱ ነው። ከጎረቤት ተውሶ ያስቀዳ ሁለተኛ ነው። በሬዲዮ የሰማ ሦስተኛ። በዩቲዩብ ያወቃቸው ሰው አብሮን መቀመጥ ይችላል፤ ድምፅ ግን የለውም።

ከሁሉ በላይ ያለችው ባለ ደብተሯ ናት። የዘፈን ግጥም የተገለበጠበት ደብተር አላት። ግጥሙ በቀይ፣ አዝማቹ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ነው። በየገጹ ጥግ ልብ ተሥሏል። በየልቡ ውስጥ ኒክ ተጽፏል። ደብተሩ ዛሬም ከቤት ካርታው ጋር በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ባሏ ያውቃል። ለምዶታል።

ተማሪ ሳለን ከዚያው ከ«ሚሌኒየም» ዓለም ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን፣ «አይ ዋንት ኢት ዛት ዌይ»ን፣ ለእንግሊዝኛ መምህራችን ወስዳ ነበር። «ቲቸር፣ ምን ሊሉ ፈልገው ነው?» አለቻቸው። መምህሩ ደብተሩን ቤት ወስደው አደሩበት። በማግሥቱ መለሱላትና «የኔ ልጅ፣ ይሄ ነገር ጭራሽ አይያያዝም» አሉ። ክፍሉ በሙሉ መምህሩን ናቃቸው። እንግሊዝኛ አይችሉም ተባለ። ለካ እውነታቸውን ነው። ዘፈኑን የጻፉት ሁለት ስዊድናውያን ናቸው፤ ማክስ ማርቲንና አንድሪያስ ካርልሰን። እንግሊዝኛቸው ያኔ ያን ያህል አልነበረም። እንዲያውም ሐሳቡ የሚያያዝ ሌላ ግጥም ተቀርጾ ነበር። ቡድኑ የማይያያዘውን መረጠ። እንደ ምርጫቸው ዓለም አበደላቸው። እኚያ መምህር ግን እስከ ዛሬ ስማቸው አልታደሰም።

ወደ አልበሙ ልመለስ። መቼ ይደመጥ የሚለው ራሱ ጠብ አስነሣ። ባለ ባንኩ በፈረንጆቹ ገና ይሁን አለ። አልበሙም የእነሱ፣ በዓሉም የእነሱ። ባለ ደብተሯ ታኅሣሥ 29ን ያዘች። ፈረንጆቹ አሸነፉ። ሌላ ምክንያት የለውም፤ በዚያ ዓመት ዲሴምበር 25 እሑድ ዋለ። ሥራ የለም። በእኛ ታኅሣሥ 16 ነው፤ ኪዳነ ምሕረት። ስለዚህ ግማሹ ሰው ከቅዳሴ በቀጥታ፣ ነጠላውን እንደለበሰ መጣ። ጣና ዳር አንዱ ዓሣ ቤት ገብተን ከዛፍ ሥር ተቀመጥን።

ለብለብ ታዘዘ። ጉላሽ ታዘዘ። ቤተ ክርስቲያን የሚያዘወትረው ጓደኛችን «ለእኔ ቀረሶ ጥብስ፤ ደረቅ ይበልልኝ» አለ። ዓሣው መጣ። ስፒከሩ ተከፈተ። ይሄኔ ጾመኛው እጁን አነሣ።

«በጾም ዘፈን?»

«ዓሣውስ?» አለ ባለ ባንኩ።

«ዓሣ ሌላ፣ ዘፈን ሌላ።»

«ኧረ በጊዮርጊስ! ስለ ገና እኮ ነው የሚዘፍኑት። መዝሙር በለውና ብላ።»

ጾመኛው እጁን በሶፍት ጠረገ። ስልኩን አወጣ። ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አየና ፍርድ ጀመረ። ያን አልበም ያን ያህል የመረመረ ሰው በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም። «ሳይለንት ናይት» አለፈች። በፈረንጆቹ 1818 በገና ዋዜማ ኦስትሪያ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የተዘመረች ናት። ግጥሙም የካህን ነው። «ካህን ከጻፉት እኔ ማን ነኝ» አለ። «ኦ ሆሊ ናይት»ም አለፈች። የፈረንሳይኛውን ግጥም የጻፈው የወይን ጠጅ ነጋዴ መሆኑን ማንም አልነገረው። አንዳንዱን ነገር አለመናገር ይሻላል።

«ላስት ክሪስማስ» ወደቀች። ያውም ክፉኛ። ዋም የሚባለው ቡድን በፈረንጆቹ 1984 ያወጣት ናት። አምና በገና ልቡን ሰጥቶ በማግሥቱ ጉድ ስለሆነ ሰው ነው ነገሩ። «ይሄ ለሽማግሌ የሚቀርብ ጉዳይ ነው እንጂ የልደት መዝሙር አይደለም» ተብሎ ተዘጋ። «ዊንተር ዎንደርላንድ» ላይ ደግሞ ጉድ ተገኘ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ክሪስማስ የሚል ቃል አይጠራም! ፍቅረኞችና በረዶ ብቻ።

«እሺ በረዶ የምን በዓል ነው?» አለ ቀረሶውን ከአጥንቱ እየለየ።

የበረዶው ነገር ሌላ በር ከፈተ። እውነት ነው፤ የፈረንጅ ገና ያለ በረዶ አይሆንም። እነሱ ሜዳውን በረዶ ይሸፍንባቸዋል፤ እኛ ሐይቁን እምቦጭ። እኛ የምናውቀው በረዶ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውን ነው። ሰብል ይዞ ይሄዳል። እሱ ናፍቆት የዘፈነ ገበሬ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ባለ ደብተሯ ግን ተዘጋጅታ ነው የመጣችው። ለካ ሌላ ደብተር ጀምራለች።

«ዝም በሉና ስሙ» አለች። «‹ኋይት ክሪስማስ›ን የጻፈው ኢርቪንግ በርሊን ነው። አብዛኛው ዘፋኝ የሚዘለው መግቢያ አለው። ፀሐይ ወጥታ፣ ሣሩ ለምልሞ፣ ዘንባባው እየተወዛወዘ፣ ቤቨርሊ ሂልስ ቁጭ ያለ ሰው ነው በረዶ የሚናፍቀው።» እጇን ወደ አስፋልቱ ዘረጋች። ከዳር እስከ ዳር ዘንባባ ነው። «እስቲ አሁን ዘንባባ ሥር ሆኖ በረዶ የሚናፍቅ ማን ነው? እኛ ነን!»

ጨበጨብን። ልቧ ሞላ። ያ እሳት ዳር የሚያሞቀው «ዘ ክሪስማስ ሶንግ»ም በፈረንጆቹ 1945 በበጋ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ በሙቀት የተቃጠሉ ሰዎች ቀዝቀዝ ለማለት የጻፉት መሆኑን ነገረችን። «ዘፋኞቹስ ቢሆኑ? ኦርላንዶ በረዶ አለ እንዴ?»

«ኬቨንና ብራያን ግን የኬንታኪ ልጆች ናቸው። እዚያ ይጥላል» አለ በዩቲዩብ ያወቃቸው።

ድምፅ እንደሌለው ተነገረው።

ስለ ዘፈኑ ራሱ ምን ተባለ? ምንም ማለት ይቻላል። ለማድመጥ የተሰበሰበ ሰው ከጫፍ እስከ ጫፍ ያደመጠው አንድም ዘፈን የለም። እያንዳንዱ የራሱ ሰው ድምፅ እስኪመጣ ያወራል። የሱ ሰው ሲመጣ «እሽ!» ይላል። ከዚያ ሌላኛው ተራውን ያወራል። ባለ ባንኩ አልበሙን እንደ ብድር ማመልከቻ አገላበጠውና ጉድለት አገኘ። ከ13ቱ አብዛኛው የሰው ዘፈን ነው። አዲስ የሚባሉት ሦስት ናቸው፤ «ክሪስማስ ኢን ኒው ዮርክ»፣ «ቱጌዘር» እና «ሃፒ ዴይስ»። «‹ኢትስ ክሪስማስ ታይም አጌን› የራሳቸው ናት፤ ግን በፈረንጆቹ 2012 ወጥታለች። ሞቅ አድርገው ነው ያቀረቧት» አለ። ሦስቱን አዲሶች እንክፈታቸው ሲባል ግን «ቆይ፣ መጀመሪያ የምናውቀውን» አለ እሱው። ደጋፊ አዲስ ነገር ጎደለ ብሎ ይከሳል፤ አዲሱ ሲመጣ ያሳልፈዋል። እኔ ግን እላችኋለሁ፣ ሦስቱን ደጋግሜ ሰምቻቸዋለሁ። ከአልበሙ የሚሻሉት እነሱ ናቸው። በሌሎቹ ላይ ድምፃቸው ያምራል፤ ግን እንደ እንግዳ ተጠንቅቀው ነው የተቀመጡት።

ባለ ደብተሯ ደግሞ ኬቨን ሲዘፍን ፊቷን ወደ ሐይቁ ታዞራለች። በፈረንጆቹ 2006 ቡድኑን ጥሎ ስለወጣ ነው። በፈረንጆቹ 2012 ተመልሷል እኮ እንላታለን።

«የሄደስ?» ትላለች።

ክርክሩ ሞቀ። ጾመኛው ድምፁን ከፍ አደረገ። ባለ ባንኩ ከፍ አደረገበት። ከጎናችን ብቻቸውን ጉላሽ የሚበሉ ትልቅ ሰው ቀና አሉና «ልጆች፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» አሉ።

«አባቴ፣ ገናው አልደረሰም። 13 ቀን ይቀረዋል» አላቸው ጾመኛው፣ በአክብሮት።

ያስታረቀን አስተናጋጁ ነው። 20 ዓመት ቢሆነው ነው። ሳህን ሊያነሣ መጥቶ ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አዘነበለ። ጥቂት ሰማ።

«ጋሼ፣ ይሄ የድሮ ዘፈን ነው አይደል?» አለ። «አባቴም በጣም ነው የሚወዳቸው።»

አልበሙ ከወጣ ሦስት ወር አልሞላውም። ጋሼ የተባለው ባለ ባንኩ ነው። ተናግሮ መልስ የማያጣ ሰው ነበር። ዝም አለ። በዚያ ቀን ሁላችንም የተስማማንበት ብቸኛ ነገር የልጁን ጉርሻ መቀነስ ነው።

ታኅሣሥ 29 ቀን ባለ ደብተሯ እናት ቤት ተጠራን። ዶሮው ቀረበ፣ ጠላው ተቀዳ። ጾም የለም፣ ክርክር የለም። ከሁሉ ቀድሞ ስፒከሩን የከፈተው ጾመኛው ነው። በ«ላስት ክሪስማስ» ጀመረ። እጁ ላይ የዶሮ ብልት እንደያዘ ዓይኑን ጨፍኖ አብሯቸው ዘፈነ። አንድ ቃል አልሳተም። የት ተማርከው ያለው ሰው የለም። በዓል ነው።

እማማ ከጓዳ ድፎ ዳቦ ይዘው ወጡ።

«እነማን ናቸው እነዚህ? ቦኒ ኤሞች ናቸው?»

ለእሳቸው የፈረንጅ ገና ማለት ቦኒ ኤም ነው። እነዚያ የገና ዘፈናቸው ዓለምን ያዳረሰው በፈረንጆቹ 1978 ነው። እማማ ያኔ ወጣት ነበሩ። ደጋፊነትን ከእኛ አልተማሩም።

«አይደሉም እማዬ፣ ሌሎች ናቸው» አለች ልጃቸው።

«እንግዲያስ ቀንሱት።»

ጾመኛው ቀነሰ። እማማ ዳቦውን እየቆረሱ ትንሽ አዳመጡና ርኅራኄ መጣባቸው መሰለኝ።

«ደግሞስ ገናቸው መቼ ዋለ?»

«13 ቀን ሆነው፣ እማማ» አልናቸው።

«ውይ፣ አልፎባቸዋላ። ታዲያ ለጥምቀት ምን አወጡ?»

ባለ ባንኩ፣ እግዜር ያሳያችሁ፣ ስልኩን አውጥቶ መፈለግ ጀመረ።