ማስተካከያ፦ 6,400 ያወጣው ፓወር ባንክ ደህና ነው

ባለፈው ሳምንት «10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት (mAh፣ የባትሪ አቅም መለኪያ) ተብሎ የተሸጠ ፓወር ባንክ በዩኤስቢ መለኪያ 6,400 ብቻ ካወጣ ፎርጅድ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ተሳስቻለሁ።

ሽፋኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ውስጥ ያለው የሊቲየም ባትሪ በ3.7 ቮልት የሚይዘው ነው። ወደ ስልካችን የሚወጣው ግን 5 ቮልት ነው። ስለዚህ በዋት-ሰዓት፣ ማለትም በጠቅላላ የኃይል መጠን፣ ማስላት ያስፈልጋል፦ 10 አምፒር-ሰዓት (10,000 ሚሊአምፒር-ሰዓት) በ3.7 ሲባዛ 37 ዋት-ሰዓት ይሆናል፤ ይህ ለ5 ሲካፈል 7,400 ሚሊአምፒር-ሰዓት ይመጣል። ቮልቱን ከፍ የሚያደርገው ሰርኪዩት ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ ገደማ በሙቀት ያባክናል። 6,400 እንግዲህ የጤነኛ ዕቃ ውጤት ነው። ይህን ያገኘሁት ከአምራቾች የምርት መግለጫ ነው፤ ብዙዎቹ በ5 ቮልት የሚሰጠውን አቅም ጀርባው ላይ በደቃቁ ያትሙታል፣ እኔም ሳላነበው አልፌዋለሁ።

ጅማ ውስጥ ጽሑፌን አምናችሁ ከሂርማታ መርካቶ የገዛችሁትን ልትመልሱ የሄዳችሁ፣ እንዲሁም ያለጥፋታችሁ የተወቀሳችሁ ነጋዴዎች፣ ከልብ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሙሉ ሞልታችሁ ስትለኩት 2,000 ወይም 3,000 ላይ የሚያልቅ አዲስ ዕቃ ካጋጠማችሁ ግን መጠየቃችሁ ተገቢ ነው።

በዚያው ጽሑፍ «ዕድሜው እንዲረዝም ሁልጊዜ ባትሪውን ባዶ እስኪሆን ጨርሳችሁ ቻርጅ አድርጉ» ያልኩትንም ተዉት። ያ ለድሮዎቹ የኒኬል-ካድሚየም ባትሪዎች ይባል የነበረ ምክር ነው፤ ሊቲየምን ባዶ ማድረግ ይጎዳዋል። ለረጅም ጊዜ የምታስቀምጡትን ግማሽ ያህል ሞልታችሁ፣ ሙቀት በሌለበት ቦታ አኑሩት።